የእናቴ ተራ እና የሚካኤል ኮምፒውተር

«ለእናትሽ ተራ ልትሰርቂላት ነው ይህን ነገር ያመጣሽው፤ እግዜር ደግሞ አይቶ አሳፈረሽ» አለኝ።

ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለኝ። የባለበቅሎዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ከጀርባው ያ የማኅበሩ ኮምፒውተር ተከፍቶ ተቀምጧል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ተከፍቶ፣ ጥቁር መስኮት አሳይቶ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ተዘግቷል። ሁለተኛም ጫንኩት፤ ተዘጋ። ሦስተኛም። ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱን ሳል ቢጤ አደረገው። ሳል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ እግዜርን እዚህ ውስጥ አያስገቡት። የጎደለ ፋይል ይኖራል» አልኩት።

«ፋይል ጎደለባት እንግዲህ» አለ ለሰዎቹ፤ እነሱም ሳቁ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ላስረዳ። ደባርቅ፣ እኛ ሰፈር፣ በቅሎ ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራው በተራ ነው። መኪና የማይደርስባቸው የጃናሞራ መንደሮች ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳው ሳይቀር በበቅሎ ነው የሚወጣላቸው። ጭነት ሲመጣ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ተራው ነው። ተራው ያለው ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ያለው ደግሞ በዚህ ሰው ብብት ሥር ነው።

ማኅበሩ አንድ የቆየ ደንብ አለው። ሐዘን የገባበት ቤት ለጭነት አይጠራም፤ እስከ አርባው ይቀመጣል። ተራው ግን አይሞትበትም። አርባው ሲወጣ ከሁሉም ፊት ይቆማል። ሟቹ ባለበቅሎው ራሱ ከሆነም ተራው ለቤቱ ይቀራል። ቆንጆ ደንብ ነው፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ያወጣው ሰው ግን ጨዋ ነበር።

አባቴ የሞተው በታኅሣሥ ሚካኤል ነው። በዚያው ቀን ተቀበረ። በአርባው ውስጥ የቤታችን ተራ ሁለት ጊዜ ደረሰ። ጸሐፊው ሁለቱንም ጊዜ ከእናቴ ስም አጠገብ «አልተገኘችም» ብሎ ጽፎ ወደ ጅራት ወረወራት። የት ትገኝለት? መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ ነበረች። ቀጥሎ ደግሞ ጥቁር ለብሳ ቤቷ ተቀምጣ ነበር፤ ደንቡ ተቀመጪ ስላላት።

አሁን ደግሞ ሰኞ ትልቅ ጭነት አለ። ዐሥር በቅሎ ለሦስት ሳምንት ይፈለጋል። የዐሥሩ ስም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። እናቴ ከዐሥሩ ካልገባች በቅሎዋን ልትሸጥ ነው፤ ገለባው ተሟጧል፣ ቆሞ የሚበላ እንስሳ የምትቀልብበት አቅም የላትም። ገዢውም መጥቶ የበቅሎዋን አፍ ከፍቶ ጥርሷን አይቶ ሄዷል። ሰኞ እመለሳለሁ ብሏል። በቅሎ የሌለው ቤት ከማኅበሩ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ መመለስ የለም።

ነገሩ ይህ ነው። ስለዚህ «ለእናትሽ ብለሽ ነው» ሲለኝ ደሜ የፈላው ውሸት ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ እውነቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙን ሥሪልን ብለው የለመኑኝ እነሱ ናቸው፤ በመስከረም፣ አባቴ በጤናው እያለ። ሽማግሌው ሊቀ መንበር መንገድ ላይ አስቁመውኝ «አንቺ ልጅ፣ ዳባት ኮምፒውተር ቤት አይደለሽ የምትሠሪው? በይ ከዚህ ደብተር ጭቅጭቅ ገላግይን» አሉኝ። ደንቦቹን አንድ በአንድ የነገረኝ ማን ሆነና? ይኸው ጸሐፊ። የአርባውንም ደንብ በራሱ አፍ ነው ያስጻፈኝ። «ይቺን እንዳትረሺ፤ ትልቅ ደንብ ናት» ብሎኛል።

ስለ ራሴም ልናገር፤ ሌላ ሰው ሳይናገርልኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አልመጣልኝም። ዳባት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ እለብጣለሁ። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ከስልኬ ላይ ነው፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት። አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አልችልም፤ እጄ ሥራ ካላገኘ ሰው መስደብ እጀምራለሁ ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ያን ሐሙስ ፍላሼን ነቅዬ ወጣሁ። በሚኒባስ ዳባት ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ፣ ለሁለት ሰው ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ነገር ራሱ አይጽፍም። ሌላ ሰው ጽፎ በነፃ ያስቀመጠውን ኮድ ይወስዳል፤ ላይብረሪ ይባላል። እኔ በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚቆጥር ላይብረሪ ወስጄ ነበር፤ አርባ ቀኑን፣ ጳጉሜንም ሳይቀር፣ እሱ ይቆጥርልኛል። ያን ሁሉ ይዞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመሄድ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ። የእኔን ኮድ፣ የሰውየውን ላይብረሪ፣ ማስኬጃውን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል። እኔ ማሸጊያው እለዋለሁ።

ማሸጊያው የሚያሽገው ኮዱ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ያየውን ብቻ ነው። ላይብረሪው ግን የወሮቹንና የበዓላቱን ስም ከጎኑ በተቀመጠ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጧል። ያን ፋይል ማንም በስሙ አልጠራውም። ስለዚህ ማሸጊያው ትቶት ሄደ። ጫኝ በወረቀት የተጻፈለትን ሁሉ በቅሎ ላይ አስሮ፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ጨው «አልተነገረኝም» ብሎ ጥሎት ሲሄድ ማለት ነው። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ወር ሙሉ የሠራው ፋይሉ እዚያው ስላለ ነበር።

«ይህንንም ጫን» ብዬ በእጄ ጻፍኩለት። እንደገና አሸግሁት። የሱቁ ባለቤት ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ ሠራ። የወሮቹ ስም በተራ ወጣ። በቃ አልኩ። ማለት አልነበረብኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ ደባርቅ ሄድኩ። የማኅበሩ ክፍል ውስጥ ጸሐፊው ብቻውን ነበር፤ ሌሎቹ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፍላሹን ሰካሁ። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። አሁን አልተዘጋም፤ ሲበላሽ ምክንያቱን ጽፎ እንዲቆም አድርጌው ስለነበር አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። ፋይሉ አልተገኘም ይላል። ፈልጌ ያጣሁበት ቦታ ብሎ አድራሻውን ጽፏል፤ አድራሻው መሐል ላይ አራት ጥያቄ ምልክት ተደርድሯል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። አራት ጥያቄ ምልክት። ቀና ስል ስክሪኑ ጥግ ላይ የተጠቃሚው ስም አለ፤ ሚካኤል። ሚ፣ ካ፣ ኤ፣ ል።

ኮምፒውተሩ የተገዛው በወርኃዊው ሚካኤል ዕለት ነው። የማኅበሩ ዝክርም በሚካኤል ነው። ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጭተውበታል፤ ከመርጨታቸው በፊት ግን አንዱ አስተዋይ ኪቦርዱን በነጠላው ሸፍኖታል። ከዚያ የከፈተው ሰው የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀው «ሚካኤል» ብሎ በፊደላችን ጻፈለት። ኮምፒውተሩም በዚያው ስም ማህደር ከፈተ። የታሸገ ፕሮግራም ሲከፈት ራሱን የሚዘረጋው እዚያ ማህደር ውስጥ ነው። ያ ላይብረሪ ደግሞ የእኛን ወሮች ሁሉ እየቆጠረ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈ በር ሲያጋጥመው ማንበብ አይችልም።

«ጋሼ፣ የተጠቃሚው ስም ነው ችግሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንቀይረው፤ ካልሆነም ሌላ ተጠቃሚ እንክፈት። አምስት ደቂቃ ነው» አልኩት።

«የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስገቡልኝ።»

«አላስገባም» አለና ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ደጅ ላሉት ሰዎች፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰማችኋት? የሚካኤልን ስም ከማሽኑ ላይ ላጥፋው ትላለች» አላቸው።

ሮጬ ወጣሁ። «እንዲህ አላልኩም» እላለሁ። ማን ይሰማኛል? አንዱ አማተበ። ሌላው «ዳባት ሄዳ ምን ተምራ መጣች?» አለ። «ሃይማኖት ቀይራ ይሆናል» አለው ጎረቤቱ። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ አባቴን በሸክም ወደ መቃብር ካደረሱት አንዱ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «ሚካኤል ምን አደረገሽ ልጄ? አባትሽን በዕለቱ ስለወሰደው ነው?» አሉኝ።

በተንኮል ቢሉኝ መልስ ነበረኝ። እሳቸው ግን አዝነውልኝ ነው። ቦርሳዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ለራሴ እያወራሁ።

እናቴ ደጅ ላይ የበቅሎዋን ጀርባ በጨርቅ ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያ ሰውዬ ምን አለሽ?»

«የመልአኩን ስም ልታጠፋ መጣች አለ።»

«አርባውን ያስጻፈሽ እሱ አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያ ምን ያንጫጫዋል» አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ብትሸጥም ንጹሕ ሆና ትሸጥ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ኢንተርኔት ከስልኬ አገናኘሁ። ይህ ችግር የእኔ ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ የላይብረሪውን ገጽ ፈለግሁ። አልተሳሳትኩም። የሆነ አገር ያለ፣ ስሙን በራሱ ፊደል የጻፈ ሰው፣ ከዓመታት በፊት ይህንኑ ጠይቋል። የላይብረሪው ባለቤት በሁለት መስመር መልሶለታል። ጥፋቱ የማሸጊያው ነው፣ እነሱን ጠይቅ፣ ደግሞም የማህደር ስም በተራ ፊደል ቢሆን ይመረጣል። ጥያቄውንም ዘግቶታል። ወደ ማሸጊያው ገጽ ሄድኩ። እዚያም ያው ሰውዬ ጠይቋል። እነሱ ደግሞ ጥፋቱ የላይብረሪው ነው፣ እዚያ ሂድ ብለው ዘግተውታል።

ይህን እዚህ እኛም አገር አውቀዋለሁ። አንድ ወረቀት ለማስፈረም መስኮት አንድ ወደ መስኮት አራት ይልክሃል፣ መስኮት አራት ወደ መስኮት አንድ፤ በመሐል ምሳ ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ቢያንስ የሰውየውን ፊት እያየህ ነው የምትናደደው።

«ተራ ፊደል» የሚለው ቃል ነው ከሁሉ ያቃጠለኝ። ተራ ፊደል ማለት የእሱ ፊደል ማለት ነው። የእኛን ዓመት፣ የእኛን ጾም፣ የእኛን ጳጉሜን እቆጥራለሁ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ያ ዓመት የሚጻፍበትን ፊደል የሚጠቀም ሰው ኮምፒውተሩን ይከፍታል ብሎ አንድ ቀን አላሰበም? ለማን ነው የሚቆጥረው?

እንዲህ እያልኩ እየተሳደብኩ ሳለ የራሴን ስክሪን አየሁ። የእኔ ተጠቃሚ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። የሱቁ ባለቤትም እንዲሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሲሠራልኝ የኖረው ለዚህ ነው። በፊደላችን ስም የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ እኔም አልሞከርኩትም፤ እኔ፣ እዚሁ ተወልጄ። ከማኅበሩ ሁሉ ያሰበው ያ «ሚካኤል» ብሎ በፊደላችን የጻፈው ሰው ብቻ ነው። የስድቤን ግማሽ ለራሴ መለስኩት።

ከዚያ ላፕቶፔ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ከፈትኩ። ስሙን ሚካኤል አልኩት። ፕሮግራሙን ጫንኩት፤ ተበላሸ፣ አራቱ ጥያቄ ምልክት መጣ። ሲበላሽ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በእጄ የሚበላሽ ነገር በእጄ ይስተካከላል።

የላይብረሪውን ሆድ ከፈትኩ። ፋይሉን የሚከፍትበትን ቦታ አገኘሁት። አድራሻውን ይቀበልና፣ ፊደላችንን ለማያውቅ አንድ አሮጌ ክፍሉ ያቀብለዋል፤ ያ ክፍል ነው በሩን የሚያጣው። እኔ አድራሻውን መስጠቱን አስቀረሁ። ፋይሉን ራሴ ከፍቼ አንብቤ፣ የተነበበውን አቀበልኩት። ስድስት መስመር። ስድስት መስመር ለመጻፍ ዓመታት ሙሉ ሁለት ወገን ተላከከ። የተስተካከለውን ላይብረሪ ማሸጊያው ከድሮው እንዳያምታታው የድሮውን ከላፕቶፔ አጥፍቼ፣ እንደገና አሸግሁት። ሚካኤል ላይ ሠራ። እንግሊዝኛው ላይም ሠራ። ላይብረሪውን ለጻፈው ሰውዬም ስድስቱን መስመር ላክሁለት፤ ፊደላችንም ተራ ፊደል ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምሬበት። እስካሁን መልስ የለም።

እናቴ ቆሎ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«ሐሙስም አለቀ ብለሽ ነበር።»

ቆሎዬን በላሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍሉ ሞላ። እናቴም መጣች፤ በሩ አጠገብ ቆመች። ሊቀ መንበሩ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። ጸሐፊው ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ከጎናቸው ቆሟል።

«አባባ፣ የተጠቃሚውን ስም አልነካሁትም። ሚካኤል እንደሆነ ነው» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ።

«ይሁን። ክፈቺው።»

ከፈትኩት። መስኮቱ ተከፈተ፤ ቆየ፤ ዝርዝሩ ወጣ። ማተሚያው ትንሽ አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋው። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩና ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ስም የእናቴ ነው።

«ይኸው። አላልኳችሁም?» አለ ጸሐፊው። «አናት ላይ ሰቀለቻት።»

«የሰቀላት እርስዎ ያስጻፉኝ ደንብ ነው» አልኩት። «ይቺን እንዳትረሺ ብለውኝ አልነበር?»

«እኔ መቼ?»

ጉምጉምታ ሆነ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ፣ ቆዩ። ደንቡ ማንም ያስጽፈው፣ ደንባችን ነው። እኔ የምጠይቀው አርባው ወጥቷል ወይ ነው። ቀብሩ መቼ ነበር?»

«በታኅሣሥ ሚካኤል» አለ ክፍሉ ሁሉ በአንድ አፍ።

የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «ሚካኤልን ራሱን ይዘን፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዐሥራ ዘጠኝ። ከዚያ እስከ አስተርዮ ማርያም ሃያ አንድ።»

«አርባ» አሉ እኚያ ቅዳሜ ያዘኑልኝ ሽማግሌ።

«ማሽኑስ መቼ ይላል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥር ሃያ አንድ።»

«አስተርዮ ማርያም አይደለች? እንግዲያ ያውቃል ማለት ነው።»

ጸሐፊው አልተወም። «ይሁን፣ አርባው ወጥቷል። ግን ሴት ሴቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራራ ለተራራ ምን ልትሆን ነው?»

እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ «ጭነቱን የምትሸከመው በቅሎዋ ናት፤ ሱሪ አይደለም» አለችው። ሐሙስ በእኔ የሳቁት ሰዎች አሁን በእሱ ሳቁ። ሊቀ መንበሩም ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ፤ ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሙቀው መቱበት።

«ለሰኞ ዐሥሩ እነዚህ ናቸው» አሉ።

ልወጣ ስል ጸሐፊው «አንድ ነገር» አለ። «እናቷ የማኅበሩ አባል ናት። የአባል ልጅ ተራውን በእጇ ይዛ መኖር አለባት እንዴ? ነገ ሌላው ልጁን ቢያመጣስ?»

ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሐሙስ የሳቁትም፣ አሁን የሳቁትም። ያዘኑልኝ ሽማግሌም።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት አለው ልጄ። ለአንቺም ስም ይህ ይሻላል። አስረክቢን።»

«ለማን?»

«ለጸሐፊያችን ነዋ። አሳዪው እንዴት እንደሚከፈት።»

እናቴን አየኋት። እሷ መሬት ታያለች።

ወንበሩን ሳብኩለት፤ ተቀመጠ። ደብተሩን ጭኑ ላይ አደረገው። የት እንደሚጫን አሳየሁት፣ ስም የሚጨመርበትን፣ ሐዘን የሚመዘገብበትን፣ የሚታተምበትን። በአንድ ጣት እየነካ ተከተለኝ።

«ቢበላሽስ?» አለኝ።

«አይበላሽም።»

ፍላሹን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ እናቴን ጉንጯን ስሜ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ሊወጣ ሞተሩን ያስነሳ የዳባት ሚኒባስ ነበር። ከኋላ አንድ ወንበር ቀርቶታል። ገባሁ።